የጋሽ ዳኜ ቀኝ

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የኋላ ማርሽ በገባ ቁጥር ከመሬት ብቅ የሚል ሰው አለ። ማንም አልጠራውም። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ «ና፣ ና፣ ና…» ማለት ጀምሯል። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለላፍቶው ኮንዶሚኒየም የደረሱት ክቡር ጋሽ ዳኜ ናቸው፤ የኋላ ማርሽ ጠቅላይ አዛዥ፣ የፓርኪንጉ የበላይ ጠባቂ። መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ ኖሯቸውም አያውቅም።

ሌላው ሰው ከመኪናው በስተኋላ ቆሞ ያስተባብራል። ጋሽ ዳኜ ግን የሚቆሙት ከፊት ነው። «ሾፌሩ ካላየኝ መድከሜ ምን ዋጋ አለው?» ይላሉ። «ቀኝ!» ሲሉ የራሳቸው ቀኝ ነው። «ቁም!» የሚሉት ደግሞ መኪናው በራሱ ከቆመ በኋላ፣ ማለትም አጥሩን ካገኘ በኋላ ነው። ጎረቤታቸው ያሕያ የአዲሷ መኪናውን የኋላ መብራት ያጣው እንደዚህ ነው። ጋሽ ዳኜ ስባሪውን አይተው «ያልኩህን ብትሰማ ኖሮ» ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ሌላዋ ጎረቤት ቀመሪያ ዲሽ ያስተከለች ዕለትም ጣሪያ ላይ ያለውን ሠራተኛ «ትንሽ ወደ ግራ… አለፈህ… መልሰው እንጂ!» እያሉ ከሰዓቱን በሙሉ ሲያዞሩት ዋሉ። ቴሌቪዥኑ ያለው ሳሎን ውስጥ፣ እሳቸው ያሉት ግቢ ውስጥ።

እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ሪሐና በሪሞት የምትበር አውሮፕላኗን ፓርኪንጉ ላይ ስታስቀምጥ በዓይኗ መጀመሪያ የፈለገችው እሳቸውን ነበር፤ አለመኖራቸውን ለማረጋገጥ።

ሪሐና የፊዚክስ መምህርት ናት። አውሮፕላኗን ከፎም ቆርጣ፣ በማስቲሽ አጣብቃ ለመሥራት ወራት ፈጅቶባታል። ፉሪ ያለው ሜዳ ላይ እንድታበር የተፈቀደላት ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው፤ ለነገ እሁድ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ከበበውም ቁርጡን ነግረዋታል። «ከበረረች የተማሪዎቹን የአውሮፕላን ክበብ እፈቅዳለሁ። ከወደቀች ስለ አውሮፕላን ዳግመኛ እንዳታነሺብኝ።» ሪሐና ሁለተኛ አውሮፕላን የላትም። ከሐሙስ ጀምሮ ምግብ አልበላ ብሏታል።

የቀረው በየክንፉ ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን ክዳኖች ማስተካከል ነው። የሪሞቱ እጀታ ወደ ቀኝ ሲገፋ የቀኙ ክዳን መነሳት፣ የግራው መውረድ አለበት። ከተገለባበጡ አውሮፕላኗ ቀኝ ስትባል ግራ ትሄድና አፈር ትልሳለች። ሪሐና ከጭራዋ በኩል ተንበርክካ እጀታውን ወደ ቀኝ ገፋች። የቀኙ ተነሳ። እፎይ አለች።

«ተገልብጧል!»

ጋሽ ዳኜ ከአውሮፕላኗ አፍንጫ ፊት ቆመዋል።

«ቀኝ አልሽ፣ ግራው ተነሳ። በዓይኔ በብረቱ አየሁት!»

«ጋሼ፣ እርስዎ ከፊት ስለቆሙ ነው። የእርስዎ ግራ ለእሷ ቀኝ ነው።»

«ልጄ፣ ከፊት የቆመ ሰው አይደል እንዴ የሚያየው? ነገ አንድ ነገር ብትሆን የኔን ቃል ታስታውሺያለሽ።»

ይቺ «ነገ አንድ ነገር ብትሆን» ከጆሮዋ አልወጣ አለች። ሪሐና ፊዚክሱን ታውቃለች፤ ግን ሰውየው ሲናገሩ እንዲህ እርግጠኛ ናቸው! ሪሞቱ ላይ ያለችውን የክዳኖቹን አቅጣጫ የምትገለብጥ ቁልፍ ተጫነች። ጋሽ ዳኜ ረክተው ሄዱ። መልሳ ተጫነች። ከደረጃው ላይ ዞረው «እንዳትነኪው!» አሏት፤ ደንግጣ እንደገና ተጫነች። ከዚያ በኋላ ስንቴ እንደነካችው እንጃ። ባትሪው አለቀ፤ ቻርጅ ላይ ሰክታው ጠዋት ሜዳው ላይ አያለሁ ብላ ተኛች። ተኛች ከተባለ።

እሁድ በጠዋት የተከራየችው ሚኒባስ ሲመጣ ጋሽ ዳኜ ሳይጠሩ ገቢናውን ይዘው አገኘቻቸው።

ፉሪ ነፋሱ እየበረታ ነበር። አቶ ከበበው ሰዓታቸውን አዩ፤ ትንሽ ቆይተው ደግመው አዩ። አውሮፕላኗ የምትነሳው በእጅ ተወርውራ ነው፤ የሪሐና ሁለት እጆች ደግሞ ሪሞቱ ላይ ናቸው። ከጋሽ ዳኜ በቀር እወረውራለሁ ያለ አልነበረም። የአውሮፕላኗን ሆድ ይዘው ከራሳቸው በላይ ከፍ አደረጓት። ሪሐና ከኋላቸው ቆመች። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ዓይኗ ውስጥ ገባች፤ ክንፉ ጥቁር ብሎ ከመታየት በቀር ክዳኖቹ አይለዩም። የትናንቱ ቁልፍ ትዝ አላት።

«ጋሼ፣ እንዳይወረውሩ! ቀኝ ላደርግ ነው። የቀኙን ክዳን ይዩልኝ።»

ጋሽ ዳኜ አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ። ከመናገራቸው በፊት ክንፉን አዩ። ይሄ በታሪካቸው የመጀመሪያው ነው።

«የማንኛችን ቀኝ?» አሉ ቀስ ብለው።

«አንድ ነው ጋሼ። ዛሬ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የቆምነው።»

«እንግዲያው… ወረደ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ድገሚው እስቲ።» ደገመችው። «ወረደ፣ ልጄ። ወረደ።»

አውሮፕላኗ ተወርውራ ቢሆን ኖሮ አልቆላት ነበር። ሪሐና ቁልፏን ተጫነች፤ «አሁን የቀኙ ተነሳ፣ የግራው ወረደ» አሉ፤ እጀታውን ወደ ግራም ገፍታ አሳየቻቸው። ከዚያ «በሉ!» አለች። ጋሽ ዳኜ ሮጠው ወረወሯት።

አውሮፕላኗ ትንሽ ዝቅ ብላ ልባቸውን ካጠፋች በኋላ አፍንጫዋን አንስታ ወጣች። ሜዳውን ዞረች። ተማሪዎቿን እያሰበች ደስ ሊላት ሲገባ ሪሐና እንዴት እንደምታወርዳት ብቻ ነበር የምታስበው። ጋሽ ዳኜ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ቆመዋል።

«ጋሽ ዳኜ! ምነው ዝም አሉ?»

«እንዳላሳስትሽ ፈርቼ ነው፣ ልጄ።»

«ያሳስቱኝ! ብቻ ዝም አይበሉብኝ፤ ፈራሁ!»

ጋሽ ዳኜ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉ። «ነይ… ነይ፣ ነይ፣ አይዞሽ…» አሉ። ለአውሮፕላኗ ይሁን ለሪሐና አልለየም። ሪሐና እጀታውን ቀስ በቀስ ለቀቅ እያደረገች አወረደቻት፤ አውሮፕላኗ ሣሩን በሆዷ እየዳበሰች ሄዳ ቆመች።

አቶ ከበበው ማጨብጨብ ሲጀምሩ ሪሐና አልሰማቻቸውም። ሪሞቱን መሬት አስቀምጣ የጋሽ ዳኜን የኮት እጅጌ ጨብጣ ይዛ ነበር፤ አልለቅም ብላ።