የአራተኛ ፎቋ ዶክተር ቁጣ

በየብሎኩ አንድ ተቆጪ አይጠፋም። የአንዱ ብሎክ ተቆጪ መኪና ያለቦታው ያቆመውን ያሳድዳል፣ የሌላው ቆሻሻ በመስኮት የሚወረውረውን። እኛ ገላን ኮንዶሚኒየም ላይ የደረሰብን ግን ከሁሉም የባሰ ነው፤ የእኛ ተቆጪ ሐኪም ናቸው። ይበልጥ የሚያናድደው ደግሞ ልክ መሆናቸው ነው።

ክብርት ዶክተር አቻምየለሽ አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ። የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም ናቸው፤ የሚመራመሩትም ሰው ሲያረጅ ሰውነቱ በሽታ የመከላከል አቅሙ ለምን እንደሚደክም ነው። ይህን የማያውቅ የብሎኩ ነዋሪ የለም፤ ደረጃ ላይ ሲወጡም ሲወርዱም ያስተምሩናላ፣ ማስተማር ከተባለ። ጉንፋን የያዘው ልጅ አያቱን ሲስም ካዩ እናትየዋን እዚያው አቁመው ያፋጥጧታል። «አባትህ እንዴት ናቸው?» ሲሉት «ያው እርጅና ነው» ያለ ሰውማ አለቀለት።

«ዕድሜያቸውን አልጠየቅሁህም። ምን ነካቸው ነው ያልኩህ።»

ሁለተኛ ፎቅ ከሚኖረው ከየሺዋስ ጋር ደማቸው አልገጠመም። የሺዋስ አቃቂ የብረት ፋብሪካ ውስጥ ቆሞ ይውላል፤ ደክሞት ሲመለስ ደረጃ ላይ የሚጠብቀው ስብከት ያንገሸግሸዋል። «ሴትየዋ እኮ ሰላም ማለት እንኳ አታውቅም» ይላታል ሚስቱን ሥርጉትን።

ታዲያ እናቱ ወይዘሮ ወርቅውሃ ምግብ አቆሙ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጉርሻ እንኳ እምቢ አሉ፤ በአራተኛው ቀን የሺዋስን በሞተ ወንድማቸው ስም ጠሩት። ግንባራቸውን ዳሰሰ፤ ትኩሳት የለም። ሰፈሩ በአንድ ድምፅ እርጅና ነው ብሎ ፈረደ። የሺዋስም ደግ ልጅ ነውና የደግ ልጅ ወግ አደረሰ፤ የንስሐ አባታቸውን ጠራ፣ ቢሾፍቱ ላሉት ዘመዶች ደወለ። ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ሰው ቤቱን ሞልቶ ተራ በተራ ታማሚዋን ይስማቸው ነበር።

ዶክተር አቻምየለሽ ደረጃውን ሲወርዱ በሩ ክፍት ነበርና ገቡ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። አልጋው አጠገብ ተንበርክከው የታማሚዋን ትንፋሽ በሰዓታቸው ቆጠሩ፣ ጀርባቸውን አዳመጡና ቀና አሉ።

«ሳንባቸው ውስጥ ኢንፌክሽን አለ።»

«ትኩሳት እኮ የላቸውም» አለ የሺዋስ።

«ትኩሳት የዘበኛ ጩኸት ነው። ዘበኛው ሲያረጅ ሌባ ገብቶም አይጮህም። ይህን ሁሉ ሰው ማን ጠራ?»

«እኔ።»

«ቄሱንስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሐኪምስ?»

የሺዋስ ወደ ሥርጉት ዞረ።

«ለለቅሷቸው ምንም አላጎደልክም» አሉት። «አራተኛ ፎቅ መውጣት ግን ራቀብህ።»

ይህን ያሉት ሃያ ሰው ፊት ነው። እናቱን ተሸክሞ ወርዶ የዶክተሯ መኪና ውስጥ ሲያስገባ ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ ይብስ ነበር። ሆስፒታል ሲደርሱ ደግሞ ተረኛው ወጣት ሐኪም ካርዱን አየት አድርጎ «ዕድሜያቸውም ገፍቷል እኮ» አለ። ለዚያ ልጅ የሺዋስ እስከ ዛሬ ያዝንለታል። ዶክተሯ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«ያንተም ይገፋል። ያን ቀን እንዳንተ ያለ ሐኪም ይድረስብህ።»

ኦክስጅኑ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጣ።

በስድስተኛው ቀን ወይዘሮ ወርቅውሃ ዓይናቸውን ገልጠው «የሺዋስ፣ ምነው ከሳህ? ሥርጉት አታበላህም?» አሉ። ስሙን ከአፋቸው ሲሰማ ኮሪደር ወጥቶ አለቀሰ። ንዴቱ አልበረደም፤ አሁን ግን የተናደደው በራሱ ነበር። እናቱን በቁማቸው ሊቀብራቸው ምንም አልቀረውም፣ ያውም ሰው ሁሉ ደግ ልጅ እያለው።

ሰፈሩ ግን ያው ነው። ባለፈው እሁድ በብሎኩ ስብሰባ ላይ ወይዘሮ አስካለማርያም ተነሥተው፣ ሴትየዋ ሰው ፊት ያዋርዱናል፣ የታመመ ሰው እንዳንጠይቅ ከለከሉን፣ አንድ ሰው ሄዶ አንደበትዎን ይግቱ ይበላቸው አሉ። ተጨበጨበ። ማን ይሂድ ሲባል ሁሉም ወደ የሺዋስ ዞረ፤ ከሁሉም በላይ የተዋረደው እሱ ነዋ።

ወጣና አንኳኳ። ዶክተሯ በስልክ ከአንድ ሰው ጋር እየተጣሉ ከፈቱለት።

«ምንድነው?» አሉት ስልኩን ዘግተው።

የተላከበትን ቃል በቃል ያውቀዋል።

«አንደኛ ፎቅ ያሉት ኦቦ ሰቦቃ» አለ የሺዋስ፣ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ስብሰባው ላይ ልጃቸው ሲያወራ ሰምቼ ነው።»

«ልጁ ምን ሆኑ ይላል?»

«ያው የሚባለውን ነዋ፣ ዶክተር።»

ቦርሳቸውን አነሡ። ተሰብሳቢው ደረጃው ሥር ተኮልኩሎ የላከውን ሰው መልስ ይጠብቃል። የሺዋስ ከፊት ከፊታቸው እየወረደ ሰዉን በክንዱ ገፋ ገፋ አደረገ።

«ምን ይገትራችኋል? ዞር በሉ፣ ይለፉበት!» አለ፤ ሰፈሩ እንዲህ ሲቆጣ አይቶት አያውቅም።