የሚጾም ድንጋይ ፍለጋ

በዚህ አገር ሁለት ዓይነት መራጭ አለ። አንደኛው በየአምስት ዓመቱ ካርዱን ይዞ ይሰለፋል፤ ምልክቱን ያደርግና ቤቱ ይገባል። ሁለተኛው ግን መምረጥ ጀምሮ ጨርሶ አያውቅም። ሽንኩርት ሲገዛ የሚፈልገው ከጆንያው ሥር ያለውን ነው፤ ጫማ ሲገዛ ሦስት ሱቅ ዞሮ የመጀመሪያው ጋ ይመለሳል፤ ሻጩ "እንግዲህ ይውሰዱት" ሲለው "ምን አስቸኮለህ?" ይላል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የደባርቁ ደግሞ ከነሙሉ ክብራቸው የኔ አከራይ ናቸው፤ የመራጮች ሁሉ ሊቀ መንበር፣ ክብርት እትዬ በለጠች።

እትዬ በለጠች የገብስ ነጋዴ ናቸው። አንዲት ፍሬ በጥርሳቸው ነክሰው ገብሱ የየት ቀበሌ እንደሆነ ይናገራሉ። እኔ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በ2002 ዓ.ም.፣ ያውም በምርጫው ዓመት፣ የሳቸው አዲስ ማድ ቤት ሥራ ኮሚቴ አባል ሆኜ አረፍኩት። ማን መረጠኝ? እሳቸው ናቸዋ! "መምህር፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ድንጋይ ታውቃለህ" አሉኝ። የማውቀው ስሙን ብቻ እንደሆነ ብነግራቸውም አልሰሙኝም።

ማድ ቤቱ የተጀመረው ለታይታ አልነበረም። የእትዬ በለጠች እናት፣ እማሆይ ወለተ ሃና፣ ሰማንያን ያለፉ መነኩሲት ናቸው፤ በየዳ ወረዳ ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ጎረቤት እስኪደርስላቸው አንድ ቀን ሙሉ መሬት ላይ ቆይተዋል። ልጃቸው "ደባርቅ ይምጡልኝ" ብለው ያልላኩት ሽማግሌ የለም። መልሱ ግን ያው ነው፦ "የከተማ ማድ ቤት ጾምና ፍስክ አይለይም፤ እኔ በስተርጅና ጾሜን አላፈርስም።" እትዬ በለጠች ይህን በሰሙ በማግሥቱ አሮጌውን ማድ ቤት አፈረሱት። "ሰበብ አሳጣቸዋለሁ!" አሉ። ቀጠሮው ቅበላ ሆነ፤ ሰኞ ሁዳዴ ሲገባ እናታቸው እዚህ መሆን አለባቸው።

ተያይዘን ጎንደር ወረድን። የድንጋይና የሴራሚክ መደብር ገባን። ሻጩ፣ ያርጋል የሚባል ወጣት፣ ግራናይቱን በመዳፉ እየመታ ጥንካሬውንም፣ ውበቱንም፣ የመጣበትንም አገር ሲዘረዝር እትዬ በለጠች በትዕግሥት አዳመጡት። ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት።

"ይጾማል ወይ?"

ያርጋል ወደኔ ዞረ። እኔ ወደ ኮርኒሱ ዞርኩ።

"እትዬ፣ ድንጋይ ምን በልቶ ያውቃል ብለው ነው?"

"ቅቤ ይጠጣ እንደሆነ ነዋ የምጠይቅህ! ቅቤ የጠጣ ድንጋይ ላይ የጾም ምግብ ሊሠራ ነው?"

"ኧረ በፍጹም አይጠጣም!"

"እኔ በአፍ አላምንም፤ በቅቤ ነው የማምነው" አሉና ከቦርሳቸው ንጥር ቅቤ፣ እርድና አንድ ሎሚ አወጡ። ስድስት ናሙና አስደርድረው ሁሉንም ቀቡ። እስከ ከሰዓት ድረስ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን፣ ዘመድ ጠይቀን ተመለስን። ድንጋዮቹን በሙቅ ውሃ አሳጥበው አንድ በአንድ አሸተቱ። ነጩ እምነበረድ ሠርግ ቤት እንደገባ ሰው ቅቤውን ጭልጥ አድርጎ፣ ቢጫ ምልክት ይዞ ቀርቷል። "ይሄስ ስቅለትንም የሚያከብር አይመስለኝ" አሉ እትዬ በለጠች። የዚያን ቀን አንድም ድንጋይ አላለፈም። በሦስተኛው ጉዟችን ዋዜማ ያርጋል ራሱ ደወለ፦ "እትዬ፣ አዲስ ጥቁር ገብቷል። እኔው ቀብቼ አሳድሬዋለሁ፤ ይጾማል!" እሳቸው ግን ሄደው ራሳቸው ካልቀቡት አላመኑም፤ ቀቡት፣ አለፈ።

የወለሉ ይባስ። እማሆይ በሁዳዴ ይሰግዳሉ፤ በደባርቅ ብርድ ደግሞ የሞቀ ክፍል ቢኖር ማድ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ወለሉ ግንባር የማያቀዘቅዝ፣ ጉልበት የማያዳልጥ መሆን አለበት። ሊሾውን "ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ፍርፋሪ ይይዛል" ብለው ገና ከቤት ሳንወጣ ጥለውታል። የሚያብረቀርቀውን ሴራሚክ ግን ሊሞክሩት ፈለጉ። ነጠላቸውን አጣፍተው መደብሩ መሃል መስገድ ጀመሩ። የመደብሩ ባለቤት ከቢሮው ሲወጣ አንዲት ትልቅ ሴት እግሩ ሥር ተደፍተው አገኘ።

"ኧረ በእመቤቴ ይነሱ! ቅናሽ እናደርጋለን!"

"ዝም በል፣ አታሳስተኝ፤ ገና አሥራ ሁለተኛዬ ነው" አሉት ቀና ሳይሉ።

በአሥራ ሦስተኛው ጉልበታቸው አዳለጣቸው። ሴራሚኩ ወደቀ ማለት ነው። ሸክላ መልክ ባለው በሻካራው ላይ አርባ አንድ ሰግደው ተነሱና "ይሄ ሰው ይችላል" ብለው ፈረዱ። ቆመው ሲያዩ የነበሩ ሁለት ገዢዎችም ያንኑ አስጭነው ሄዱ።

ዕቃው ደባርቅ ገባ፤ ግንበኛው ደምለው ሥራ ጀመረ። ትእዛዙ ግልጽ ነው፦ ሁለት የማይነካኩ የምግብ መሥሪያ መደቦች፣ አንዱ ለጾም አንዱ ለፍስክ፣ ሁለቱም ጥቁር ድንጋይ የለበሱ።

"ያው አንድ ድንጋይ አይደል እንዴ እትዬ? ለምን ይለያያል?"

"ከአንድ ማሕፀን ወጥተው አንዱ መነኩሴ አንዱ ወታደር ይሆን የለም?"

ደምለው ግን ኮሶዬ አንድ ሎጅ ውስጥ ያየው "ኤል ሼፕ" የሚሉት ባለማዕዘን መደብ ከልቡ አልወጣለትም። እትዬ በለጠች ገበያ በዋሉበት ሁለቱን መደቦች ጥግ ላይ አጋጥሞ ጠበቃቸው። እሳቸውም ሲመለሱ አንድ ኩባያ ውሃ አመጡና በፍስኩ በኩል ደፉት። ውሃው ሄደ፣ ሄደ፣ ጥጉ ጋ ታጠፈና የጾሙ ድንጋይ ላይ ገባ።

"አፍርሰው።"

"እትዬ፣ ቅበላ እኮ አራት ቀን ነው የቀረው!"

"እንግዲያ ቆመህ አታውራ፤ አፍርሰው።"

እዚህ ላይ እኔም ትዕግሥቴ አለቀ። "እትዬ፣ እማሆይ በምን ያውቃሉ? ደምለው መገጣጠሚያውን ይድፈነው፤ አይታይም" አልኳቸው።

"እሳቸውስ አያዩትም" አሉ። "እኔ እያወቅኩ ላብላቸው?"

ጃኬቴን አውልቄ መዶሻ ያዝኩ። ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ድንጋይ ስሸከም ሰነበትኩ፤ ወገቤ ዛሬም ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ይነግረኛል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሁለቱ መደቦች መካከል ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ተገኘ።

እማሆይ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ወረዱ። አንዲት ከረጢት ይዘዋል። "አይቼ ልመለስ ነው የመጣሁት" አሉ ገና ሳይሳሙ። እሑድንም ሙሉ ከረጢቷን ከጎናቸው አላራቋትም።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የጾሙ መደብ ላይ ሽሮ ቀረበ። ደምለውና እኔ በር ላይ ቆመናል። እማሆይ ይሄኛውን ድንጋይ አዩ፤ ያኛውንም አዩ፤ በመሃል ያለውን ክፍተት ረጅም ጊዜ አዩት።

"በለጠች፣ ይህ ሁሉ ልፋት ለኔ ነው?"

"ለጾሙ ነው።"

"እኔስ የቀረሁት ለጾሙ አልነበረም" አሉ እማሆይ፣ ዝግ ብለው። "እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ስደክም እጅሽ ላይ እንዳልወድቅ ብዬ ነው።"

ሦስት ወር ሙሉ ቅቤ የቀቡ፣ የሰገዱ፣ ያስፈረሱ ሴት ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። አሁን ቁጣ ይመጣል አልኩ። መጣም።

"እና እኔ እጅ ላይ ካልወደቁ የት ሊወድቁ ኖሯል?" ብለው ጮኹ። ድምፃቸው መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

እማሆይ አማትበው ቆረሱ። ሳይቸኩሉ፣ እስኪጠግቡ በሉ። ከዚያ ከረጢታቸውን አነሱና "ይህችን የት ላኑራት?" አሉ።

እትዬ በለጠች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይመርጡ መለሱ። እናታቸውን እጃቸውን ይዘው የገዛ አልጋቸው ጋ ወሰዷቸው፣ ከረጢቷንም ራስጌው ላይ ሰቀሏት። ደምለው አፍንጫውን ሲጠርግ ሲሚንቶ ነው አለ። እኔ ሲሚንቶም አላሳበብኩም፤ አለቀስኩ። እኚህን አከራዬን እንደምወዳቸው ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

አልጋቸውን ለእናታቸው ከለቀቁ ወዲህ እትዬ በለጠች የሚተኙት አዲሱ ማድ ቤት ወለል ላይ ነበር። ዐርብ ማታ ጠሩኝና "መምህር፣ ነገ ለኔ አልጋ ልንመርጥ ጎንደር እንወርዳለን" አሉኝ። የማርመው የፈተና ወረቀት ክምር ገና እንዳልተነካ፣ ወገቤም እንዳልዳነ፣ ከዚህ በኋላ የማንም ኮሚቴ አባል እንደማልሆን አስረግጬ ነገርኳቸው። በማግሥቱ ጠዋት ከሳቸው ቀድሜ መናኸሪያ ደርሼ ሁለት ወንበር ያዝኩ።