ቁልቋል የበላ ስኳር አይፈራም

እናንተዬ፣ ሐኪም የከለከለውን ጣፋጭ፣ ቅጠል በልቶ የሚያስፈቅድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። በሰማንያዎቹ አትላንታ ውስጥ አብሮኝ ቤት ይቀባ የነበረው ሜክሲኳዊው ራሞን ስኳር ነበረበት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሚስቱ በእንቁላል የጠበሰችለትን ቁልቋል ያወጣል። አዎ፣ እኛ አገር አጥር የምናጥርበትን፣ በለስ የሚያፈራውን ቁልቋል! ስኳር ያወርዳል ይላሉ። ያውርድ። ችግሩ፣ ራሞን አጥሩን በልቶ ሲያበቃ፣ ስኳር የተነሰነሰበትን ዳቦ በለስላሳ ማወራረዱ ነው።

«አይዞህ፣ ቁልቋሉ ዘብ ቆሟል» ይለኛል፣ ሆዱን መታ መታ እያደረገ።

አንድ ቀን መሰላል ላይ እንዳለ ዘቡን እንቅልፍ ወሰደው መሰል፣ ራሞንን አዞረው። ደግፌ አወረድኩትና ጥላ ሥር አስተኛሁት። ከዚያማ ምክሬን አዘነብኩበት።

«ሰው እንዴት እያወቀ በሽታውን ይበላል? ልጆችህን አታስብም?»

አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ።

«እሁድ ቤትህ ጋብዘኸኝ ስትቆርጠው የነበረው ጥሬ ሥጋ የሆድ ትል አያመጣም?»

«ያመጣል እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ትበላለህ?»

«ኋላ መድኃኒቱን እወስዳለኋ!»

ራሞን ቀስ ብሎ ተነስቶ ተቀመጠ።

«እንግዲያው ቁልቋሌን አቀብለኝ» አለ።