ጎበዝ አጠገብ ያስቀምጥህ

ግብረ ገብ ለተማሪ ምን ይሠራል ትላላችሁ? መርፌ ሳይቀርበኝ በፊት ብትጠይቁኝ «ምንም» እል ነበር። አሁን ግን መልሴ ሌላ ነው።

ጎረቤቴ አያ ይመር ከሰው ማሳ አንዲት የገብስ ዘለላ የማይነኩ ሰው ናቸው። ኩረጃ ግን ለእሳቸው ሌብነት አይደለም፤ መረዳዳት ነው! ልጃቸው ከማል ለፈተና ሲሄድ፣ እዚሁ መካነ ሰላም ደጃቸው ላይ ሰብስበውን ዱዓ አደረጉ።

«ያረብ፣ ጎበዝ ልጅ አጠገብ አስቀምጥልኝ!»

እስላም ክርስቲያኑ በአንድ ድምፅ «አሚን!» አልን። ዱዓው ሰመረ፤ ከማል አለፈ።

ዓመታት አለፉና፣ በቀደም ታምሜ ክሊኒክ ተኛሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ነርስ መርፌ ይዞ መጣ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከማል!

«አብሽሩ ጋሼ» አለኝ።

እንዴት ላብሽር? መድኃኒቱን ሊስብ ሲል እጁ ቆመ። አንገቱን ቀስ አድርጎ አሰገገና አጠገቡ የቆመችውን ነርስ በሹክሹክታ «ስንት ነበር?» አላት። እሷም ጣራ ጣራውን ማየት ጀመረች።

ዓይኔን ጨፍኜ ጮህኩ፦ «ያረብ፣ ዛሬም ጎበዝ አጠገብ አቁመኸው ይሁን!»

ከጎኔ የተኙት አዛውንት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አሚን!» አሉ። ቀጣዩ ተረኛ እሳቸው ነበሩ።