ሁለቴ የታየው ቁጥር

ትናንት ከምሳ በኋላ ቢሮ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ጠረጴዛዬ ላይ ደፋ ብዬ ሳለ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሕልም ለማለትም ያስቸግራል፤ በቀን የመጣ ቅዠት ነው።

መጀመሪያ ግን ከመተኛቴ በፊት ያስጨነቀኝን ላስቀድም። ሥራችን ለአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። እዚያ ያለው አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ቢሆንም፣ በውስጡ ብዙ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ያሉ ይመስል ተከፋፍሎ ይሠራል፤ ቨርቹዋል ማሽን እንላቸዋለን። አንዱ የሕፃናቱን ኦክስጅን ይቆጣጠራል። የኦክስጅን መለኪያው ቁጥሩን በኮምፒውተሩ ማስታወሻ፣ በሚሞሪው ውስጥ፣ እንደ ቤት ቁጥር ባለ አንድ የታወቀ አድራሻ ላይ ያስቀምጣል፤ የእኛ ፕሮግራም ደግሞ በዚያ ቨርቹዋል ማሽን እምብርት፣ ከርነሉ ውስጥ ተቀምጦ ያነበዋል። ሕጉ ቀላል ነው። ቁጥሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል፤ ወደ ራስ ማስታወሻ ይገለበጣል፤ የተገለበጠው ይፈተሻል፤ ሥራ ላይ የሚውለውም እሱው ነው። ፈትሾ ሲያበቃ ተመልሶ ከመለኪያው የሚያነብ ፕሮግራም ግን ጉድ ይሠራል፤ በመሃል ቁጥሩ ሊቀየር ይችላልና የተፈተሸው ሌላ፣ ሥራ ላይ የዋለው ሌላ ይሆናል።

ጋሽ ተፈራወርቅ የጻፉት ፕሮግራም ሁለቴ ያነባል። አለቃዬ ናቸው፤ ይህን ሥራ ሀ ብለው ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ፕሮግራሙን እንድፈትሽላቸው ሰጡኝ፤ ስህተቱን አየሁት፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ እስክሪብቶዬን ሳኝክ ቆየሁና «ጥሩ ነው» ብዬ ፈረምኩበት። ምን ልበላቸው? «ጋሼ፣ ያስተማሩኝን ራስዎ ረሱት» ይባላል? ይሉኝታ አፌን ያዘው። አሥር ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ ውስጥ ይጫናል። እስካሁን ነርሶቹ መለኪያውን በዓይናቸው እያዩ ኦክስጅኑን በእጃቸው ነበር የሚያስተካክሉት፤ ከተጫነ በኋላ ግን ፕሮግራሙ ራሱ ነው የሚያስተካክለው። እስከዚያ እነግራቸዋለሁ፣ ብቻ ትንሽ ድፍረት ላጠራቅም አልኩና ጭንቅላቴን እጄ ላይ አሳረፍኩ።

የባለጉዳይ ማስተናገጃ መስኮት ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ከፊቴ ረጅም ሰልፍ አለ፤ የተሰለፉት ኃላፊዎች ናቸው፤ ሁሉም ከረባት አስረው፣ ፋይላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

«እህቴ፣ እባክሽ ነገ ተመለሱ በይን» አለኝ የመጀመሪያው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ዛሬ ይቻላል፤ ይምጡ ልጨርስልዎ» አልኩት።

«ዛሬ? ምን በደልኩሽ?»

ሰልፉ በሙሉ አጉረመረመ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል አንድ በር መጥቶ ግንባሬን ሦስት ጊዜ አንኳኳ። «ልግባ?» አለኝ። በር እንዴት ይከለከላል? «ግባ» አልኩት። ገባብኝ። በሌላኛው በኩል ስወጣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ቆሜያለሁ።

ማሞቂያ ሳጥኖቹ ውስጥ የተኙት ሐኪሞቹ ናቸው፤ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ጢማቸው መስታወቱ ላይ ተጣብቆ። እየዞሩ የሚያክሙት ሕፃናቱ ናቸው። የሦስት ቀን ዕድሜ ያላቸው አንዲት ዶክተር፣ ጋዋናቸው ወለሉን እየጠረገ መጡና ጥርስ በሌለው አፋቸው ተቆጡኝ።

«የት ነበርሽ አንቺ? በሽተኛው እየጠበቀ ነው!»

በሽተኛው ጋሽ ተፈራወርቅ ነበሩ። ራሳቸው ላይ ትንሽዬ የሱፍ ኮፍያ ተደርጎላቸው፣ መነጽራቸውን እንዳደረጉ ተኝተዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ያለ እሳቸው እኔ ምን ነኝ?

«ስንት ኦክስጅን ይግባላቸው? ቁጥሩን ከመለኪያው ቤት አምጪ» አሉኝ ዶክተሯ። «ተሳስተሽ ሌላ ቤት ከገባሽ ግን ሆስፒታሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ አደራ!»

ሮጥኩ። ኮሪደሩ ላይ ቤቶቹ አድራሻቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንዱ ክንዴን ይዞ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» አለኝ፤ የቤት ቁጥሩን ሳየው ከምፈልገው በአንድ ይበልጣል። አመስግኜ አለፍኩት።

የመለኪያውን ቤት ያገኘሁት ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ነው። መለኪያው ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ከጎናቸው ወንበር ላይ አንድ ቁጥር እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

«አርባ ነህ?» አልኩት።

«አርባ ነኝ» አለ፤ ጨዋ ቁጥር ነበር።

አርባ ደህና ነው፤ አርባ ሰው አይጎዳም። ደብተሬን አውጥቼ ልጽፈው ስል ሽማግሌው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ልገለብጠው ነው፣ አባባ።»

«እኔ ፊት? እኔ የሰጠሁሽን? አላመንሽኝም ማለት ነው! የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«ኧረ በፍጹም! ምን በወጣኝ» አልኩና ደብተሬን ልደብቅ ፊቴን አዞርኩ። ስመለስ ወንበሩ ላይ ያገኘሁትን ብድግ አድርጌ፣ ሳላየው፣ ጉያዬ ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ። ሽማግሌው ከኋላዬ መረቁኝ። መንገዱ ላይ ጉያዬ እየከበደኝ ሄደ፤ ቢሆንም አውጥቶ ማየት ነውር መሰለኝ።

«ፈትሸሽዋል?» አሉኝ ዶክተሯ።

«ፈትሻለሁ።»

«የቱን?»

«ቅድም ወንበሩ ላይ የነበረውን።»

«ይሄንንስ?»

ጉያዬን ከፈትኩ። አራት ሺህ ሆኖ ጥርሱን ገልፈጥ አድርጎ ያየኛል።

«አርባ ነኝ ብለኸኝ አልነበር?»

«ስትጠይቂኝ ነበርኩ» አለኝ፤ ይህን ብሎ ከእጄ ዘለለና ቱቦው ውስጥ ገባ።

ጋሽ ተፈራወርቅ መነፋት ጀመሩ። መጀመሪያ ጉንጫቸው፣ ከዚያ ሆዳቸው፣ ከዚያ ጣቶቻቸው አንድ በአንድ። የሳጥኑ መስታወት ተንቋቋ። «ያውጡት! ስህተት ነው!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ ግን ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ሆዴ ተመለሰ። ሕፃናቱ ሐኪሞች አንድ ላይ ማልቀስ ጀመሩ፤ ከዚህ ሌላ ትምህርት የላቸውም። ጋሽ ተፈራወርቅ ቀስ እያሉ ወደ ጣሪያው ተነሡ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ደህና ነኝ» ይሉኛል፣ እያበጡ። «ጥሩ አድርገሽ ነው የሠራሽው።»

የሸሚዛቸው ቁልፍ ተፈናጥሮ ትከሻዬን መታኝ።

ትከሻዬ ላይ ያረፈው የጋሽ ተፈራወርቅ እጅ ነበር። ደረቅ፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ እንደዚያው ቀጭን ሆነው ስላየኋቸው ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

«ዮዲት፣ ደከመሽ እንዴ?» አሉኝ።

ሰዓቱን አየሁ፤ ስምንት ከሃያ። አምስት ደቂቃ ያልኩት ከአንድ ሰዓት በላይ ሄዷል፤ ቢሆንም እስከ አሥር ሰዓት ጊዜ አለ። ተመስገን አልኩ። ዛሬ ይሉኝታ ገደል ይግባ።

«ጋሼ፣ ያ ፕሮግራም…»

«እሱማ አለቀለት! የሆስፒታሉ ሰዎች ቸኩለው ሰባት ተኩል ላይ ተጫነ። ይኸው እየሠራ ነው» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳልጨርሰው ነበር የሰጠሁሽ። ንባቡ ላይ የሆነ ነገር ከንክኖኝ ነበር። ግን ዮዲት ካለፈችው እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ ተውኩት። ደግሜ ባየው ደግሞ አንቺን እንዳላመንኩሽ ይቆጠራል ብዬ…»

«ያስቁሙት!» ብዬ ጮህኩባቸው። «አሁኑኑ! ሁለቴ ያነባል ጋሼ፣ ሁለቴ! አይቼው ነው የፈረምኩት!»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ጋሽ ተፈራወርቅ ጎንበስ አሉና በሹክሹክታ «ቀስ በይ እንጂ ልጄ፣ ሰው ይሰማል» አሉኝ።

ስልኩን ራሴ አንሥቼ ወደ ሕፃናቱ ክፍል ኃላፊ ነርስ ደወልኩ። ብዙ ከጠራ በኋላ ተነሣ። ከጀርባዋ የሰሐን ኳኳታና ሳቅ ይሰማል።

«ፕሮግራሙን ዝጉት፣ ኦክስጅኑን በእጃችሁ አድርጉት!» አልኳት።

«ኧረ አታስቢ እህቴ፣ እሱ እየሠራልን ነው!» አለችኝ እየጎረሰች። «እግዜር ይስጣችሁ፤ ስንት ዓመታችን፣ ዛሬ ገና ሁላችንም አንድ ላይ ምሳ ወጣን።»