የበርሊን ግንብና የእናቴ ቅርጫት

ቀን የሚባለው ነገር እንደ ወናጎ ሚኒባስ ነው፤ የማይተዋወቁትን አጠጋግቶ ይጭናል። ንጉሥ የተወለደበት ቀን መርከብም የሰጠመበት ይሆናል፤ አንዱ ወንበር ይይዛል፣ ሌላው በትርፍ ይሳፈራል። እንዳትስቁብኝ እንጂ፣ ይህን የመጫን ሥራ ሰባት ዓመት ሠርቼዋለሁ። ዓይን አፋር ነኝና እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም።

ዲላ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በሚኒ ሚዲያው የሚነበበውን «ዛሬ በታሪክ» የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ከአንድ የተተረጎመ መጽሐፍ እገለብጣለሁ። መጽሐፉ ኅዳር 9 የሚለው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ እኔ ግን በእኛው ኅዳር 9 አስነብባለሁ። ስህተቴን ያወቅሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። አፈርኩና ዝም አልኩ። ስለዚህ የበርሊን ግንብ ጀርመን ላይ በፈረሰ በዘጠነኛው ቀን፣ እኛ ዲላ ላይ በየዓመቱ እንደገና እናፈርሰው ነበር። ተማሪው ያጨበጭባል፤ ዳይሬክተሩ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። የጠየቀኝ የለም።

ኅዳር እኛ ዘንድ ቡናው የሚቀላበት ወር ነው። የሴት ልጆች ሰልፍ ይሳሳል፤ ለቀማ ይወርዳሉ። እኔም በልጅነቴ በዲላ አጠገብ ባለችው መንደራችን በጪጩ ወርጄ ነበር። ሁለት ሳምንት እንደለቀምኩ እናቴ ቅርጫቱን ከእጄ ነጥቃ፣ ጎረቤት እየሳቀባት፣ ክፍል ድረስ አስገባችኝ። ሰሌዳው ላይ ኅዳር 9 ይላል። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ደብተሩ ዛሬም አለኝ። በዚያው ሳምንት ሌሎች ሦስት እናቶች ልጆቻቸውን መለሱ።

በሰባተኛው ዓመት የሰልፉ መሳሳት አንገበገበኝና ከበርሊን ግንብ ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «በዚሁ ቀን የጪጩዋ ወይዘሮ ታደለች ልጃቸውን ከቡና ለቀማ ወደ ትምህርት ቤት መለሱ።»

ዳይሬክተሩ ወዲያው አስጠራኝ።

«ቲቸር፣ ምንጭሽ ምንድን ነው?»

«ደብተሬ... ልጅቷ እኔ ነኝ።»

«ደብተር ታሪክ ነው እንዴ? የሁሉም እናት ከተነበበች እኮ ፀሐይ ላይ መዋላችን ነው! ነገ ማስተካከያ ይነበብ።»

ግፉን አያችሁልኝ? ሰባት ዓመት ሙሉ የተሳሳተ ቀን ሲነበብለት ምንጭ ያላማረው ሰው፣ እውነተኛው ቀን ገና አንድ ጊዜ ቢነበብ ማስረጃ አማረው! ሩቅ አገር ግንብ ያፈረሰ ታሪክ ሠራ ይባላል፤ ደጃችን ላይ ቅርጫት የነጠቀች ወሬ ሆና ትቀራለች! ይህን ሁሉ በልቤ ተናገርኩ። በአፌ «እሺ» አልኩ። ማስተካከያውንም ራሴ ጻፍኩት።

ቅዳሜ ጪጩ ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማለች። ወሬው በባጃጅ ቀድሞኛል።

«ስሜ በማይክራፎን ተጠራ አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እማዬ።»

«ከማን ጋር?»

«ከጀርመኖች ጋር።»

«ውይ! የእነሱም ልጆች ቡና ሲለቅሙ ነበር?»

ማስተካከያው ጪጩ አልደረሰም፤ ማስተካከያ ባጃጅ አይሳፈርም። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ከጀርመኖች ጎን ተቀምጣ ኖረች፤ እኔም ውረጂ አላልኳትም።

እንግዲህ እውነተኛው ማስተካከያዬ ይኸው፦ ኅዳር 9 የእናቴ ናት። ጀርመኖቹን ወደ ጥቅምት 30 መልሱልኝ።