ጋሼ በቃ እና ክዳኑ የማይገጥመው ሣጥን

«በቃ ልሂድ» ብሎ የተነሣ ሰው ሁሉ ይሄዳል ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ፣ በር ይዛችሁ ቆማችሁ አታውቁም ማለት ነው። እኔ ቆሜ አውቃለሁ። አንድ እግሬ ቤት፣ አንድ እግሬ ደጅ፣ ጀርባዬን ብርድ እየመታው፣ ፊቴ ፈገግታው ላይ እንደ ደረቀ። ለአንዳንድ ሰው መሄድ የጉብኝቱ መጨረሻ አይደለም፤ ዋናው ክፍል ነው። ተቀምጦ ያላወራውን ቆሞ ያወራል፣ ቆሞ የረሳውን ደረጃው ላይ ያስታውሳል፣ ደረጃው ላይ የዘነጋውን ከመንገድ ማዶ ጮኾ ይጨርሳል።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ቤተሰብ የለም። የእናንተው አጎት ሊሆን ይችላል፤ አማታችሁም ልትሆን ትችላለች። የእኛ ግን የዘርፉ ሊቀ ሊቃውንት፣ የደጃፍ ባላባት፣ የመሰናበት ባለ ሙሉ ሥልጣን ናቸው፤ ክቡር ጋሼ በቃ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ዛሬ የሚያስታውስ የለም። «በቃ ልሂድ» ሲሉ የሰማ ሁሉ «ጋሼ በቃ» እያለ ጠርቷቸው እንዲያው ቀሩ።

አብሮን የሚሠራው ካሜራማን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ሊጠይቁት ሄዱ። «በቃ ልሂድ፣ አንተ ዕረፍ፣ እንዳትነሣ» ሲሉት፣ «አይ፣ አንዲት ነገር ብቻ» ሲሉት፣ በመጨረሻ በሽተኛው ነጠላ ጫማውን አጥልቆ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሸኛቸው። ሐኪሙ «ትንሽ ትንሽ መራመድ ጀምር» ብሎት ስለነበር፣ ተሻለው ይባላል።

ስልክ ላይማ ሌላ ዓለም ነው። «በይ እሺ» ብለው የጀመሩትን ስንብት ባለቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጋ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠውና ዕቃዋን አጥባ ትጨርሳለች። በየመሃሉ «ውይ ጋሼ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። አንድ ቀን ረስታው ገበያ ሄደች። ስትመለስ ጋሼ «በይ እንግዲህ፣ እንዳላደክምሽ» እያሉ ነበር።

ከእሳቸው ጋር የምንሠራው ቴሌቪዥን ነው። «የደስታ ጓዳ» ይባላል፤ የልጆች ፕሮግራም ይመስላል፣ ልጆች ግን እንዳያዩት ይለመናል። «እጃችሁን ታጠቡ፣ ተካፍላችሁ ብሉ» እየተባሉ ላደጉ አዋቂዎች የተሠራ ቀልድ ነው፤ ችግሩ፣ ቀልዱ ያስፈራል። ፀሐይዋ ጥርስ አላት። ማንኪያው ያየውን ላለመናገር ምሎ ሌት ተቀን ያለቅሳል። መታጠብ የተማርንበት ክፍል ላይ እጁ ታጥቦ ታጥቦ አለቀ። መካፈል የተማርንበት ላይ ጆሮ ተካፈልን። በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ደግሞ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰማያዊ ሣጥን ክዳኑን ገርበብ አድርጎ «ራበኝ» ይላል። ሙዚቃ ይገባል። ያልቃል።

ዘፈኑ የእኔ ድርሻ ነው። ልቤ የናፍቆት ግጥም ሲያምረው፣ እጄ ስለ ጥርስ ብሩሽ ይጽፋል። ጋሼ በቃ ደግሞ የጥንቸሉ እጅና ድምፅ ናቸው። ጥንቸሉ ከአሮጌ ሹራብ የተሰፋ፣ ጥርሱ የሰው ጥርስ የሚመስል አሻንጉሊት ነው። ጋሼ ከጠረጴዛው ሥር ተጣጥፈው ቀኝ እጃቸውን በቀዳዳው ሽቅብ ይሰዱታል፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ጨርቅ ሕይወት የለህም ብሎ የሚከራከረው ሰው የለም።

የቀኑ ቀረጻ ሲያልቅ ጥንቸሉን ወዲያው አውልቀው ከረጢት ውስጥ የሚያስገቡት እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ጥንቸሉ ሁሉንም ይሰናበታል። መብራት ሠሪውን፣ ዕቃ ያዧን፣ በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ፤ በየተራ፣ አንዱንም ሳይዘል። «ለእናትህ ሰላም በልልኝ» ይላል። እናቱ የሞተችበትን እንኳ አይረሳም፤ ለእሱ «አይዞህ» ይለዋል። እኛ ኮት ለብሰን፣ ቁልፋችንን እያሽከረከርን፣ በአንድ እግራችን እንቆማለን። ይሄ ሲያበሳጨኝ ያልጻፍኩት ግጥም የለም፤ አንዱን ልንገራችሁ፦

ሂድ ብዬ ሸኘሁት ልቤን ከደጃፉ፣
ተመልሶ ገባ ተረስቶበት ክንፉ።

ሁሉም ሰው ስለ ፍቅር ይመስለዋል። ስለ ጋሼ ነው።

እንግዲህ የተከታታዩን የመጨረሻ ክፍል የምንቀርጽበት ቀን ደረሰ። የሆነውን ከመናገሬ በፊት የዳይሬክተሯን ጭንቀት እወቁልኝ። ከእኔ የምታንስ፣ ጥፍሯን የምትበላ ልጅ ናት፤ ያቺን መጨረሻ ፕሮግራሙን ከመጀመሯ በፊት አንሥታ ስታልማት ኖራለች። ጥንቸሉ ውስጡ እጅ እንዳለ ይደርስበታል። «አንተ ማነህ?» ይለዋል። እጁ አይመልስም። ያን ጊዜ ጥንቸሉ ራሱ በፈቃዱ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል፣ «ደህና ሁኑ ልጆች» ይላል፣ ክዳኑ ይዘጋል። በቃ። አዳራሹ ከቀትር በኋላ የሌላ ሰው ነው፤ አናጺዎች መጥተው ጓዳችንን አፍርሰው ሌላ ነገር ሊሠሩበት ነው። እስከዚያ ሣጥኑ ካልተዘጋ፣ የልጅቷ መጨረሻ ጥቁር ስክሪን ላይ የተጻፈ «ተፈጸመ» ሆኖ ይቀራል።

ስንብት ማሳጠር ለሰው ልጅ ሁሉ ይከብዳል፤ እኛ ግን ያንን ሥራ የሰጠነው ከሁሉ አብልጦ ለሚከብደው፣ ለጋሼ በቃ ነበር።

«ጋሼ፣ ሦስት ቃል ናት» አለቻቸው ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ። «ደህና፣ ሁኑ፣ ልጆች። ክዳን። አለቀ።»

«እሺ የኔ ልጅ! ሦስት ቃል ለሰው ያቅተዋል?»

ሣጥኑ ለዚያ ቀን ታቹ ተበስቶ፣ የጋሼ እጅ እንዲገባበት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ዘፈኔ ተጀመረ፦

ሣጥን ሣጥን ሆዬ፣ ክፈተው አፍህን፣
ጥንቸል ታጥቦ መጣ፣ ብላ እራትህን።

ጥንቸሉ ገባ። «ደህና ሁኑ ልጆች» አለ። ክዳኑ መውረድ ጀመረ። «ታዲያ ጥርሳችሁን—»

«ከት!» ብላ ዳይሬክተሯ ቀረጻውን አስቆመች።

በሁለተኛው ክዳኑ ወረደ፣ ግን አንድ ጆሮ ውጭ ቀረ። ጆሮው ቀስ ብሎ ተነሣና ተራ በተራ እያየ ያውለበልብልን ጀመር። በሦስተኛው ክዳኑ ገጠመ። ከውስጥ ተንኳኳ።

«አንዴ ክፈቱልኝማ፣ መነጽሬን ረስቼ!»

«ጋሼ፣ ጥንቸል መነጽር አያደርግም!» ብላ ጮኸች።

«እኔ አደርጋለሁ እኮ የኔ ልጅ።»

እንዲህ እያልን ቀትሩ መጣ። አናጺዎቹም መጡ፤ ምስማር በአፋቸው፣ መዶሻ በእጃቸው፣ በሩ ላይ ተደረደሩ። ዋናው አናጺ መዶሻውን መዳፉ ላይ ቀስ ቀስ እያደረገ «እኛ ሥራ አለብን» ይላል፤ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ። መብራት ሠሪው ያዛጋል። የእኔ እግር ብቻውን ወለሉን ይደልቃል፤ ላቆመው ብል እንቢ አለኝ። ዳይሬክተሯ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። በእጅጌዋ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ጋሼ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ቀኝ እጃቸው ሽቅብ እንደተሰቀለ ተቀምጠዋል።

«አንተ ግጥም፣ መጣህ?» አሉኝ፤ ስሜ ለእሳቸው እሱ ነው። «እኔ እንኳ ልሂድ ነው የምለው። እንቢ ያለው እጄ ነው።»

«እጅዎ ምን ሆነ?»

«እዚያ ውስጥ ጨለማ ነዋ።» አሉ። «ደግሞ ሰውን ሸኝተህ በር ስትዘጋ የሚሰማው ድምፅ አለ አይደል? ቀጭ የሚለው። እሱን አልወደውም። ሰውየው ገና ደረጃው ላይ ነው፣ አንተ ቀጭ ታደርግበታለህ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ግጥም ይወጣኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን ስንኝ ሊታየኝ አልቻለም፤ የጠረጴዛውን ልብስ ገለጥ አድርጌ «ልጅቷን ይዩአት» አልኳቸው።

አዩአት።

«እሺ» አሉ።

ጠበቅኩ። ከ«እሺ» ቀጥሎ የሚመጣውን ታሪክ፣ ምክርና ሰላምታ ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም። ከዚያ ሥር ወጣሁ።

የመጨረሻው ቀረጻ ተጀመረ። ጥንቸሉ ውስጡን አየ፣ ጠየቀ፣ መልስ አጣ፣ ወደ ሣጥኑ ገባ። «ደህና ሁኑ ልጆች» አለ። ክዳኑ ወረደ። ቀጭ።

ጸጥ አለ።

ጆሮ አልወጣም። መነጽር አልተፈለገም። «አንዲት ነገር ብቻ» የሚል አልተሰማም። ያንን ጸጥታ እንዴት ልንገራችሁ? ጥርስ ያላት ፀሐይ ከላይ ትንተረከካለች፤ ደፍሮ ያያት ግን አልነበረም። ዓይናችን ሁሉ ሣጥኑ ላይ ነው። ዳይሬክተሯ «ከት» ልትል አፏን ከፍታ እንደከፈተች ቀረች።

መጀመሪያ ያልቻለው ያ የቸኮለው ዋና አናጺ ነው። በካሜራው ፊት ሰተት ብሎ አለፈ፤ ምስማሩን ከአፉ አወጣ፤ ጎንበስ ብሎ በመዶሻው እጀታ ክዳኑን ኳ፣ ኳ አደረገ።

«አባባ?» አለ። «አሉ?»

አንዴ እንደገና አንኳኳ። ድምፁ አነሰ። «ሌላ ነገር አይሉም እንዴ?»

ዳይሬክተሯ እጇን ወደ ካሜራማኑ ዘረጋች፤ እንዳታቆም ማለቷ ነው። ያንን መጨረሻ ኋላ ያያችሁ ሁሉ «ከየት አመጡት? አስፈራን፣ አስለቀሰን» ብላችሁናል። እኛ ያላሰብነው አናጺ ነው ያመጣው። እሷ ለብዙ ጊዜ ያለመችውን አገኘች፤ ከዚያም የበለጠ።

ጠረጴዛው ሥር ስናይ ግን ጋሼ የሉም። እጃቸውን ስበው፣ ጥንቸሉን ሣጥኑ ውስጥ ትተው፣ በኋላው መጋረጃ በኩል ወጥተው ሄደዋል። ሳይሰናበቱ! ጥበቃውን እንኳ! ሁላችንም ስንመኘው የኖርነው ነገር ደረሰልንና፣ እርስ በርስ እየተያየን በሕይወታችን እንደዚያ አዝነን አናውቅም።

ሮጥኩ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ፌርማታው ላይ ቆመዋል፤ ቀኝ እጃቸውን አንዴ ኪሳቸው ይከቱታል፣ አንዴ ያወጡታል፣ አንዴ ጀርባቸው ላይ ያደርጉታል። ራቁቱን የቀረ ልጅ ይመስል ማኖሪያ አጡለት።

«ጋሼ! ምን ነካዎት? እንዴት ዝም ብለው ይሄዳሉ?»

«ያሳጥሩ አላችሁኝ» አሉ፤ ሳይቆጡ። «አሳጠርኩ።»

አውቶቡስ መጣ። በሩ ተከፈተ። አንድ እግራቸውን ሲያነሡ፣ ስንቱን ምሽት ይሄዱልኝ ብዬ ቁልፍ ያሽከረከርኩ ሰውዬ፣ እጄን ዘርግቼ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«አንድ ነገር ረስተዋል» አልኳቸው።

«ምን?»

ገጣሚ በሚፈለግበት ሰዓት የሚያጣው ቃል ይገርማል። «ጥበቃውን» አልኩ በመጨረሻ። «እናቱን ሰላም ሳይሉለት።»

ሹፌሩ «ትሳፈራላችሁ አትሳፈሩም?» አለ። ጋሼ አሰቡ። ከዚያ ያ ፊታቸው እንደ ማለዳ ወገግ አለ።

«እውነትም!» አሉ። «ይሄ ይለፍ፣ በሚቀጥለው።»

ስንመለስ መዶሻ አልተጀመረም። አናጺዎቹ የጓዳችን ወለል ላይ ተቀምጠዋል፤ ማን ቁጭ በሉ እንዳላቸው አላውቅም። ጋሼ ሣጥኑን ከፈቱ፣ እጃቸውን ሰደዱ፣ ጥንቸሉ ጆሮውን አራግፎ ወጣ። ካሜራው ጠፍቷል። ጥበቃውን ተሰናበተ። ዕቃ ያዧን፣ መብራት ሠሪውን፣ ካሜራማኑን ከነቀዶ ሕክምና ጠባሳው። ዳይሬክተሯን «ጥፍርሽን ተዪው፣ እሱም ቤተሰብ አለው» አላት፤ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ወደ አናጺዎቹ ዞረ፣ አንድ በአንድ። ዋናው አናጺ ተራው ሲደርስ ቆቡን አወለቀ።

«አንተ፣ ያንኳኳኸው አንተ ነህ?»

«አዎ አባባ፣ ፈርቼ ነው።»

«ለእናትህ ሰላም በልልኝ።»

«እሺ» አለ፤ ቆቡን መልሶ ደፋ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት። «የት ደረስክ?»

«መጣሁ» አልኳት። «በቃ ልሂድ ብዬ ተነሥቻለሁ።»

«ውይ» ብላ ዘጋችብኝ፤ ቀጭ።

ጋሼ ጥንቸሉን ከረጢቱ ውስጥ አስተኝተው ወደ በሩ መጡ። ቀድሜ ደርሼ በሩን ያዝኩላቸው፤ አንድ እግሬ ውስጥ፣ አንድ እግሬ ደጅ። ብርዱ ጀርባዬ ላይ ነው። እጄ ደነዘዘ።

«በቃ ልሂድ» አሉ።

«ይሂዱ እንጂ ጋሼ» አልኳቸው፤ በሩን ግን ወለል አድርጌ አልከፈትኩትም። ገርበብ አድርጌ ነው የያዝኩት።